የጓያ ጣጣ

የጓያ ሽሮ እወዳለሁ፤ ደንቢያ ላደገ ሰው ነውር አይደለም። አያቴ ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ እግር ይይዛል ብላ ታባርረን ነበር። እግር መያዙስ እውነት ነው፤ ጥፋተኛው ግን እንፋሎቱ ሳይሆን ፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ ነው። መርዙ የአንጎልን ትእዛዝ ወደ አከርካሪ የሚያወርዱትን ነርቮች ይጎዳል። የእግር ጡንቻ ይገተራል፤ ሰውየው በጣቶቹ ጫፍ፣ እግሮቹን እያጠላለፈ ይራመዳል። አእምሮው ግን ደህና ነው፤ ሲነኩትም ይሰማዋል። ጉዳቱ የዕድሜ ልክ ነው፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

አልፎ አልፎ የሚበላ ሽሮ እንዲህ አያደርግም። ችግሩ፣ ጓያ ድርቅን ይችላል፤ ሌላው እህል ሲጠፋ ለወራት እሱ ብቻ ይበላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ወሎ ውስጥ ደላንታ ዳውንት ላይ ብዙ ሰው እግሩን የተያዘው በዚሁ ነው፤ እኔ በሽታውን ከነርቭ ይልቅ የድህነት እለዋለሁ። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል አደጋውን ይቀንሳል፤ ሌላ እህል ከተገኘ።