ስካ ፐንክ ኮንሰርት ላይ ጆሯችን ምን ይሆናል?

ከኮንሰርት ስትመለሱ ጆሯችሁ ጭው ብሎባችሁ ያውቃል? ብዙ ሰው «ኮንሰርቱ አሪፍ ነበር ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን እንደዛ ቀላል አይደለም። ዛሬ እኔ በጣም የምወደውን ስካ ፐንክን ምሳሌ አድርገን፣ ኃይለኛ ድምፅ ጆሯችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ እናያለን።

ስካ ፐንክ ምንድን ነው?

ስካ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ ጃማይካ ውስጥ የተወለደ፣ የሬጌ ታላቅ ወንድም ነው። «አንድ እና ሁለት እና» እያላችሁ ብትቆጥሩ፣ ጊታሩ የሚመታው «እና» ላይ ነው። ይሄን ከፐንክ ሮክ ፈጣን ከበሮና ከሚያጓራ ጊታር ጋር ስትቀላቅሉት ስካ ፐንክ ይወጣል። ለምሳሌ በ1992 በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ጌንስቪል ከተማ የተመሠረተው ሌስ ዛን ጄክ ከጊታሩ ጎን ትሮምቦንና ሳክስፎን ያሰልፋል።

ትሮምቦኑ ለምን ጎልቶ ይሰማል?

ያ ሁሉ ከበሮና ጊታር እያለ ትሮምቦኑ እንዴት አይዋጥም? ትራምፔትና ትሮምቦን በኃይል ሲነፉ ድምፃቸው መጨመር ብቻ ሳይሆን፣ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸው ቀጫጭን ድምፆችም ይበዙበታል። ድምፁ ይሳላል።

የጆሯችን ቀዳዳ ደግሞ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ አንዱ ጫፉ በታምቡር የተዘጋ ቱቦ ነው። እንዲህ ያለ ቱቦ የራሱን ርዝመት አራት እጥፍ፣ ማለትም 0.1 ሜትር የሚሆን ሞገድ ያጎላል። ድምፅ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። 343ን ለ0.1 ስናካፍል 3,430 ኸርዝ እናገኛለን። የተሳለው የትሮምቦን ድምፅ ጆሯችን በተፈጥሮው ወደሚያጎላው ክልል ይገባል ማለት ነው።

ችግሩ፣ በኃይለኛ ድምፅ የሚመጣ የመስማት ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም እዚያው አካባቢ፣ 4,000 ኸርዝ ገደማ ላይ መሆኑ ነው።

ሒሳቡ

በውስጠኛው ጆሯችን፣ በእያንዳንዱ በኩል፣ 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሴሎች አሉ። ድምፅ ሲመጣ ጫፋቸው ይወዛወዛል፤ መልእክቱም ወደ አንጎል ይሄዳል። ከመጠን ያለፈ ድምፅ ያደክማቸዋል፤ ሲብስም ይገድላቸዋል። ዶሮ የሞቱባትን መልሳ ታበቅላለች። ሰው ግን አይችልም።

በዴሲቤል መለኪያ ላይ 3 መጨመር ትንሽ ይመስላል እንጂ የድምፁን ኃይል እጥፍ ያደርገዋል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች ለሠራተኞች ያወጡት ገደብ በቀን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 97 ላይ 30 ደቂቃ፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። 100 ዴሲቤል ደግሞ ለፐንክ ኮንሰርት ብርቅ አይደለም። አንድ ሰዓት ተኩል ከቆያችሁ የቀኑን ድርሻ ስድስት ጊዜ ወሰዳችሁ ማለት ነው።

ታዲያ እንቅር?

በፍጹም! ድምፁን 15 ዴሲቤል የሚቀንስ የጆሮ መሰኪያ በትክክል ካደረጋችሁ 100 ወደ 85 ይወርዳል። 15 ደቂቃ የነበረው ገደብ 8 ሰዓት ይሆናል። ለሙዚቀኞች የተሠራው ዓይነት ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ እኩል ስለሚቀንስ ሙዚቃው አይታፈንም። ጥጥ መወተፍ ግን ብዙም አይረዳም። ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብሎ መቆምም ጥሩ ነው። በክፍት ሜዳ፣ ከአንድ ማጉያ ያላችሁ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ ወደ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በዝግ አዳራሽ ግን ድምፁ ከግድግዳ ስለሚነጥር ያን ያህል አይቀንስም። በመሃል ወጣ ብሎ ጆሮን ማሳረፍም ይጠቅማል።

ጭውታው በማግስቱም ካልለቀቃችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ዘንድሮ ያዘለላችሁን ትሮምቦን ከሠላሳ ዓመት በኋላም ጥርት አድርጋችሁ መስማት የምትችሉት እነዚያ ሴሎች ካሉ ብቻ ነውና።