አማናን ሙያ ማድረግ፦ በእንግሊዝ አገር የዳታ ጥበቃ ተለማማጅነት

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021፣ ታሊባን ካቡልን ከያዘ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ከብሪታኒያ መከላከያ ሚኒስቴር አንድ ኢሜይል ወጣ። የተላከው ከብሪታኒያ መንግሥት ጋር ለሠሩና ከአገር የሚወጡበትን ቀን ለሚጠብቁ አፍጋናውያን ነበር። ላኪው የተቀባዮቹን አድራሻ የሚደብቀውን መስመር ትቶ ሁሉም በሚያየው መስመር ላይ አስገባው። በዚህም 245 ሰዎች አንዱ የሌላውን አድራሻ አየ፤ የ55ቱ ፎቶግራፍም አብሮ ወጣ። ከተቀባዮቹ አንዱ ለሁሉም በሚደርስ መልስ ያለበትን ቦታ ሳይቀር ጻፈ። የአገሪቱ የዳታ ጥበቃ ተቆጣጣሪ፣ ኢንፎርሜሽን ኮሚሽነር የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ ዝርዝሩ ታሊባን እጅ ቢገባ ሕይወት ሊያስጠፋ ይችል እንደነበር ገልጾ በዲሴምበር 2023 ሚኒስቴሩን 350 ሺህ ፓውንድ ቀጣው።

እዚህ ላይ ሰርጎ ገብ የለም፣ የተሰበረ የይለፍ ቃልም የለም። የነበረው አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ዝርዝርና አንድ የተሳሳተ መስመር ብቻ ነው። የሰዎቹ ደህንነት በአደራ የተያዘው ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበር።

ይህን ያነሳነው ስለ አፍጋኒስታን ለመጻፍ አይደለም። እንዲህ ያለው ስህተት እንዳይደርስ መከላከል፣ ከደረሰም በሰዓታት ውስጥ መያዝ፣ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ይህን ሙያ ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው ሊማሩት የሚችሉበት መንገድ አለ። በለንደንም ሆነ በሌሎች ከተሞች ያሉ ወገኖቻችን ስለ አፕረንቲስሺፕ ሲነሳ የሚያስቡት ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ቧንቧ፣ ቢበዛ ስለ ሕፃናት እንክብካቤ ነው። የዳታ ጥበቃና የመረጃ አስተዳደር ባለሙያ የሚባል ተለማማጅነት መኖሩን የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት ይመስለናል።

ደረጃው 4 ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ጋር የሚመጣጠን ማለት ነው። ተለማማጁ በቅጥር ውል የሚሠራ ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ ሰዓቱ ላይ ተቀንሶ ትምህርቱን ይከታተላል፣ መጨረሻ ላይም ይመዘናል። ለሥልጠናው ከተለማማጁ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ የለም። ደመወዛቸው በዓመት ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆነ ትልልቅ አሠሪዎች ከ2017 ጀምሮ ለዚሁ ተብሎ ግብር ይከፍላሉ፤ ለትንንሾቹ መንግሥት ይደጉማል። ስለዚህ "ቦታ እናስገኝልሃለን፣ ለሥልጠናው ይህን ያህል ክፈል" የሚል ሰው ከመጣ፣ በሩን ዝጉበት።

የገንዘቡ ጉዳይ ለእኛ ከዚህም የጠለቀ ትርጉም አለው። በእንግሊዝ የአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ክፍያ በ2025/26 እስከ 9,535 ፓውንድ ደርሷል። አብዛኛው ተማሪ የሚከፍለው ከመንግሥት ተበድሮ ነው፤ ብድሩ ደግሞ ወለድ አለው። ከወለድ ነፃ የሆነ አማራጭ እንደሚዘጋጅ የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን በ2013 ተናግረው ነበር፤ በ2017ም ለዚሁ የሚያስችል ሕግ ወጣ። ይህን እስከጻፍንበት ድረስ ግን ተማሪ እጅ የገባ ነገር የለም። በብድሩ ላይ የዑለማዎች ንግግር የተለያየ ስለሆነ ወደ ፍርዱ አንገባም፤ ሁሉም የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። እኛ የምናውቀው በየዓመቱ ጥሩ ውጤት አምጥተው፣ ሪባን ፈርተው ከትምህርት የሚቀሩ ልጆች መኖራቸውን ነው። ለእነሱ "ወይ ብድር ወይ ምንም" የሚለው አማራጭ ትክክል አይደለም፤ ሦስተኛ መንገድ አለ።

ሥራው ምን ይመስላል? ሰዎች ስለ ዳታ ሲሰሙ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽሑፍ ይታያቸዋል። የሥራው አብዛኛው ክፍል ግን ማንበብ፣ መመዝገብ፣ መጠየቅና ማመዛዘን ነው። አንድ ታካሚ ሆስፒታሉን "ስለ እኔ የያዛችሁትን ሁሉ አሳዩኝ" ብሎ ቢጽፍ፣ በሕግ በአብዛኛው በአንድ ወር ውስጥ መልስ ሊያገኝ ይገባል። ተለማማጁ ፋይሎቹን ከየክፍሉ ያሰባስባል፣ ገጽ በገጽ ያነባል፣ የሌላ ሰው ምስጢር የሆነውን መስመር በጥቁር ይሸፍናል። እዚህ ላይ ነው ጭንቀቱ። ፋይሉ ውስጥ የታካሚው እህት በምስጢር ለሐኪሙ የተናገረችው ቃል ቢኖርስ? መሸፈን ነው ወይስ መስጠት? ሕጉ መልሱን በአንድ ቃል አይነግርህም፤ የሁለቱንም መብት እንድትመዝን ያዝሃል፣ ለምን እንደዚያ እንደወሰንክም በጽሑፍ እንድታስቀምጥ ይጠበቃል።

መረጃ ሲያፈተልክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቀን ይሆናል። በሰዎች ላይ ጉዳት ሊያመጣ የሚችል ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ካወቀበት ሰዓት ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለበት። ቅዳሜና እሁድ አይቀነሱም። ከዚህ ሌላ አዲስ ሶፍትዌር ከመገዛቱ በፊት በሰዎች ላይ የሚያስከትለውን ስጋት መገምገም፣ ሰነዶች ስንት ዓመት ተቀምጠው መቼ እንደሚወገዱ መወሰን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ዜጎች በመረጃ ነፃነት ሕግ ለሚያቀርቡት ጥያቄ በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ማዘጋጀት አለ። በብሪታኒያ የጤና አገልግሎት ተቋማት ከ1997ቱ የካልዲኮት ሪፖርት ወዲህ የታካሚን ምስጢር የሚጠብቅ ኃላፊ ይሰየማል፤ ካልዲኮት ጋርዲያን ይባላል። ተለማማጁ እንዲህ ባሉ ኃላፊዎች ጥላ ሥር ሆኖ ነው የሚማረው።

ለሙስሊም ይህ ሁሉ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ሰው የሌላውን ነውር እንዳይሰልል ይከለክላል፤ በሱረቱ ኑር ደግሞ ፈቃድ ሳይጠይቁና ሰላምታ ሳያቀርቡ የሰው ቤት እንዳይገባ ያዛል። አማናን ስለመወጣት ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ልዩነቱ ይህ ሙያ ያንን አደብ በመዝገብ፣ በቀነ ገደብና በቅጣት የሚያስር መሆኑ ነው። ቅጣቱ እስከ 17.5 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከድርጅቱ ዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የበለጠው ሊሆን ይችላል።

እስቲ ወደ ራሳችን ቤትም እንመልከት። በብሪታኒያ ሕግ የሰው ሃይማኖት ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች አንዱ ነው። የመስጂድ አባላት ዝርዝር፣ የመድረሳ ልጆች ስምና የወላጆች ስልክ፣ የኒካሕ መዝገብ፣ ዘካ የሚቀበሉ ቤተሰቦች ዝርዝር፣ ሁሉም በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ብዙ ቦታ ግን ዝርዝሩ ያለው በአንድ ወንድም ስልክ ላይ ነው። በረመዷን የምግብ እርዳታ ለማከፋፈል ተብሎ የተዘጋጀ የስምና የአድራሻ ዝርዝር ብዙ ሰው ባለበት የዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ሲለጠፍ፣ ችግሩን ለአንድ ኡስታዝ ብቻ በዝግታ የነገረች እናት ምን ይሰማታል? ንጹሕ ኒያ መኖሩን አንጠራጠርም። ክብሯን ግን ኒያ ብቻውን አልጠበቀላትም። መስጂዶቻችን ይህን የሚያውቅ ሰው በመካከላቸው ቢኖር ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ተለማማጅነቱ ስንመለስ፣ አስቸጋሪውንም አንደብቅ። የመነሻ ደመወዙ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። ዕድሜው ከ19 በታች ለሆነ፣ ወይም በመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ላለ ተለማማጅ፣ በኤፕሪል 2025 የወጣው የሕግ ወለል በሰዓት 7 ፓውንድ ከ55 ፔኒ ነበር። ከዚያ በላይ የሚከፍሉ አሠሪዎች አሉና ማስታወቂያውን ማወዳደር ይበጃል። ሁለተኛው ችግር ክፍት ቦታው እንደ ሌሎቹ ሙያዎች ብዙ አለመሆኑ ነው። ሆስፒታሎችና የአካባቢ ምክር ቤቶች ዕድሉን ቀድሞ ለሚሠሩላቸው ሠራተኞች ሊሰጡት ይችላሉ።

ይኸው ሁለተኛው ነጥብ ግን ለብዙ ወገኖቻችን በር ነው። አፕረንቲስሺፕ የ18 ዓመት ልጆች ብቻ አይደለም፤ የዕድሜ ጣሪያ የለውም። በሆስፒታል እንግዳ ተቀባይነት፣ በመዝገብ ቤት ወይም በትምህርት ቤት ቢሮ የምትሠራ እህት አለቃዋን "የመረጃ አስተዳደር ሥልጠና አለ ወይ?" ብላ መጠየቅ ትችላለች። ከአገር ቤት ዲግሪ ይዞ መጥቶ ሌላ ሥራ ላይ የተቀመጠ ሰውም አይከለከልም፤ የሚታየው ሥልጠናው በእርግጥ አዲስ ዕውቀት የሚሰጠው መሆኑ ነው። ዕድሜያቸው 19 የሞላና ከዚያ በላይ የሆኑ ጀማሪዎች የእንግሊዝኛና የሒሳብ ፈተና የግድ ማለፍ አለባቸው የሚለው ደንብም በ2025 መጀመሪያ ላይ ተነስቶ ውሳኔው ለአሠሪው ተትቷል። የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ሁኔታ ግን ይታያልና ከማመልከት በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። እስካሁን የተናገርነው ስለ ተለማማጅነቱ ሥርዓት የእንግሊዝን ብቻ መሆኑም ይታወቅልን፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አላቸው።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎችም ጉዳዩ ሩቅ አይምሰላችሁ። ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በዚህም ሕግ ሃይማኖት ጥብቅ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ተቆጥሯል። የፋይዳ መታወቂያ የጣት አሻራና የዓይን ምስል በሚሰበሰብበት፣ ባንኮች፣ ከወለድ ነፃ የሆኑትም ጭምር፣ የደንበኞቻቸውን ሁሉ ነገር በዲጂታል በሚይዙበት ጊዜ ይህን ሕግ አንብቦ ወደ ዕለት ሥራ የሚቀይር ሰው ይፈለጋል። የአዋጁ መሠረታዊ ሐሳቦች ከአውሮፓው ሕግ ጋር ስለሚቀራረቡ በአንዱ የተማረ ሰው ለሌላው ባዶ እጁን አይመጣም።

ክፍት ቦታዎች የሚወጡት "ፋይንድ አን አፕረንቲስሺፕ" በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ነው። "ዳታ ፕሮቴክሽን" ብቻ ሳይሆን "ኢንፎርሜሽን ገቨርናንስ" ብላችሁም ፈልጉ፤ ብዙ የጤና ተቋማት የሚጠቀሙት ሁለተኛውን ስም ነው። በቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ሕጉ አንቀጾች ሁሉን ማወቅ አይጠበቅም። "የሰው ምስጢር በእጅህ ገብቶ ያውቃል? ምን አደረግህ?" የሚል ዓይነት ጥያቄ ግን ሊመጣ ይችላል። ቅዳሜ ቅዳሜ የመድረሳውን መዝገብ ስትይዝ የኖረች፣ አንድ ሰው የሌላን ልጅ ወላጅ ስልክ ሲጠይቃት "መጀመሪያ እናቱን ላስፈቅድ" ያለች ልጅ ለዚህ ጥያቄ የምትናገረው አላት።