ቀድሞ የሚደርስ ደም

በእኛ በጎጃም ደም ከባድ ቃል ነው። ደመኛ እንላለን፣ ደም መላሽ እንላለን፤ ሽማግሌ ሲቀመጥም ደም ያደርቃል። ቃሉ ሲነሳ የኖረው በፈሰሰ ደም ነው። «ደም መለገስ» የሚለው አነጋገር ከእነዚህ ጎን ሲቆም ገና ልጅ ነውና በወጉ ላስተዋውቀው።

የደባይ ጥላት ግን ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በቁይ ዙሪያ ካለ የገጠር ቀበሌ አንዲት እናት ምጥ ጸንቶባት በወሳንሳ መጣች እንበል። ልጁን ተገላገለች፤ ደሙ ግን አልቆም አለ። ከወሊድ በኋላ እንዲህ ያለ መፍሰስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የተሸከሟት ጎረምሶች እጅጌያቸውን ሰብስበው «ከእኛ ቅዱ» ይላሉ። ፍቅራቸው እውነተኛ ነው፤ ግን ዘግይቷል። የደም ዓይነት መለየት አለበት፤ ኤችአይቪ፣ ሁለቱ የጉበት ቫይረሶች (ቢ እና ሲ) እንዲሁም ቂጥኝ መመርመር አለባቸው። ያን ሰዓት እሷን የሚያተርፋት ከቀናት በፊት አንድ የማታውቀው ሰው ሰጥቶት ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠው ደም ነው።

የደም ባንክ የሚባለው ያ ማቀዝቀዣና በዙሪያው ያለው ሥራ ነው። በአገራችን አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ኃላፊነቱ ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። በምሥራቅ ጎጃም ባንኩ ያለው ደብረ ማርቆስ ነው። ቀድሞ አብዛኛው ደም የሚገኘው ከታማሚው ዘመድ ነበር። ይህ ለሰሚው መልካም ይመስላል፤ አደጋ ግን አለው። ወንድሙ አልጋ ላይ የተኛበት ሰው ስለ ራሱ ጤና ሲጠየቅ እውነቱን ለመናገር ይጨንቀዋል። ቫይረስ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምርመራ ሳያሳየው የሚቆይበት ጊዜ አለ። ማንም ሳያስገድደው የመጣ ለጋሽ ግን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። በበጎ ፈቃድ የሚሰጥ ደም ከሁሉ የሚታመነው ለዚህ ነው።

አሰጣጡ ቀላል ነው። ክብደት ይለካል፣ የደም ግፊት ይታያል፣ ጣት ተወግቶ የደም መጠን ይታወቃል። ከዚያ በአሥር ደቂቃ አካባቢ ግማሽ ሊትር የማይሞላ ደም ይቀዳል። አዋቂ ሰው በሰውነቱ አምስት ሊትር ያህል አለው። የወጣው ፈሳሽ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተካል፤ ቀዩ ሕዋስ ሳምንታት ይፈልጋል፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜ የተባለውም ለዚህ ነው። «ደም የሰጠ ይከሳል፣ ጉልበቱም አይመለስም» የሚሉ አሉ፤ እውነት አይደለም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን አይሰጡም። ጾመኛም ቢሆን ምግብ ሳይቀምስ መርፌው ፊት ባይቀርብ ይሻላል።

ደም እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዓመት አይቆይም። ቀዩ ደም በማቀዝቀዣ 35 ቀን ያህል ይቆያል፤ ደም የሚያረጋው ክፍል፣ ፕላትሌት የሚሉት፣ አምስት ቀን ብቻ። ስለዚህ ባንኩ አንዴ ሞልቶ አይበቃውም። ብዙው ለጋሽ ተማሪ ነው፤ ቡድኑ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞረ ይሰበስባል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ክፍሎቹ ይዘጋሉ፣ ለጋሹም ይሳሳል። ምጥና የመኪና አደጋ ክረምት ነው ብለው አያርፉም።

ሰኔ 7 የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ነው፤ የደም ዓይነቶችን የለየው የካርል ላንድስታይነር ልደት ነው። ዕድሜዎ ከ18 እስከ 65፣ ክብደትዎ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነና ጤናዎ ደኅና ከሆነ፣ በሰኔ ይስጡ። ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ደግሞ በነሐሴ የእነሱን ቦታ የሚይዝ አንድ ጎረቤትዎን ይላኩ።