«ውጤትሽን ላስተካክልልሽ» ካለ መምህሩ፦ 3 ወሯን እንዳትረሺ

ከማንቡክ ወጥተው አሶሳ፣ እንጅባራ ወይም ሌላ ግቢ የሚመደቡ እህቶቻችን ስለ ዶርምና ስለ ካፌ ብዙ ይመከራሉ። ይህን ግን የሚነግራቸው ጥቂት ሰው ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 በሴት ላይ ያለውን ሥልጣን ተጠቅሞ ወሲብ የሚፈጽምን ሰው ይቀጣል፤ መምህርንም ለይቶ ይጠቅሳል። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው (ለእኛ ያንሳል)።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው፦ ተበዳይዋ ካላመለከተች ክስ የለም። ጊዜውም ድርጊቱን ካወቀችበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ብቻ ነው። «ልመረቅና እናገራለሁ» ካለች ያልፍባታል።

አስገድዶ መድፈር ግን ሌላ ነው፤ አንቀጽ 620 ያለ አቤቱታም ያስከስሳል። እዚያ ላይ ከፖሊስም በፊት ሳይታጠቡ ሆስፒታል መሄድ ነው፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።

ገና ጥያቄና ማስፈራሪያ ላይ ከሆነስ? ለግቢው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ በጽሑፍ አመልክቺ፣ ኮፒው ላይ የተቀበሉበትን ቀን አስፈርሚ። ቴሌግራም ላይ የጻፈልሽን ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ስሙና ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ቶሎ ስክሪንሾት አንሺ፤ ለምታምኛት ጓደኛሽም ላኪላት።