«ባቡር» በጅቡቲ ወደብና በደጋው፦ የአንድ ቃል ልዩ ልዩ ፍች

በጅቡቲ ወደብ አማርኛና ሶማሊኛ በየዕለቱ ይገናኛሉ። ከኢትዮጵያ የመጣ የከባድ መኪና አሽከርካሪ «ባቡር» ሲል በሐዲድ የሚሄደውን ማለቱ ነው። ለሶማሊኛ ተናጋሪው ጫኝና አውራጅ ግን ባቡር ማለት አሽከርካሪው ራሱ ይዞት የመጣው መኪና ነው፤ በሐዲድ የሚሄደውን መደበኛው ሶማሊኛ «ታሪን» ይለዋል። ስለዚህ «ዕቃው በባቡር ይሄዳል» የሚለው አነጋገር ቃሉ እንዳለ ሲተላለፍ ጭነቱን ከሐዲድ ወደ አስፋልት ያዛውረዋል። ባልታወቀ ቃል ሰው ያቆማል፣ ይጠይቃል፤ የራሱ ቋንቋ በመሰለው ቃል ላይ ግን የሚጠይቅ የለም።

የአማርኛውን «ባቡር» ዋና ፍች በሐዲድ የሚሄደው ብቻ አድርጎ ሌላውን ሁሉ የገጠር አነጋገር ማለት የተለመደ ነው። የቃሉ ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። ምንጩ እንፋሎት የሚል ፍች ያለው የሮማንስ ቋንቋዎች ቃል ነው፤ በጣልያንኛ «ቫፖሬ»፣ በስፓኝኛ «ቫፖር» ይባላል። የስፓኝኛው ቃል እስከ ዛሬ እንፋሎትንም የእንፋሎት መርከብንም ይጠራል። ቱርክኛው «ቫፑር» መርከብ ሆኖ ቀርቷል። «ቭ»ም «ፕ»ም የሌለው ዐረብኛ ቃሉን «ባቡር» ወይም «ዋቡር» አድርጎ ተቀበለው። በማግሬብ መርከብ ነው፤ በግብፅ ባቡርም፣ ሞተርም፣ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ምድጃም ይባልበታል።

ወደ አማርኛ የገባው በዐረብኛ በኩል መሆኑን ድምፁ ይመሰክራል። ከጣልያንኛ በቀጥታ የመጣ ቢሆን «ፖስታ» ውስጥ እንዳለው «ፖ»ን ይዞ መቆየት ይችል ነበር፤ ለ«ፕ» አማርኛ ፊደል አላጣምና። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚባለው የፈረንሳይኛው ዝምታ ነው። የሐዲዱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው በፈረንሳይ ኩባንያ ነው። የጣቢያው ስም «ለገሀር» ሆኖ ከፈረንሳይኛ ተወሰደ፤ የተሽከርካሪው ስም ግን አልተወሰደም። ይህም ለእንዲህ ያለው ሞተር ከባሕሩ ወገን የመጣ ስም አስቀድሞ እንደነበረ ያመለክታል።

«ምድር ባቡር» የሚለው ጥምር ስምም የሚነበበው በዚሁ መንገድ ነው። ባቡር የሐዲዱ ብቻ ስም ቢሆን «ምድር» ትርፍ ቃል በሆነ ነበር። ቅጽሉ ያስፈለገው የባሕሩን ባቡር፣ የእንፋሎት መርከቡን፣ ለመለየት ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ጭነት የሚለዋወጡት እዚሁ ጅቡቲ ነበር። የባሕሩ ባቡር ከዕለት አነጋገር ከጠፋ በኋላም ቅጽሉ በመሥሪያ ቤት ስም ላይ ጸንቶ፣ ዛሬም የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ይባላል።

ሐዲድ ባልደረሰበት ደጋ ደግሞ ባቡር የእህል ወፍጮ ነው። እህል ባቡር ቤት ይላካል፣ ባቡር ይበላሻል፣ ባቡረኛው ይጠበቃል። ይህ የተዛባ አጠቃቀም አይደለም። የእጅ ወፍጮ የሴትን ጉልበት ይጠይቃል፣ አዲሱ ግን በራሱ ሞተር ይዞራል፤ ስሙም ለዚሁ ተሰጠው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው መንገድ መዳመጫ ሐዲድ ሳይኖረው «የሰርኪስ ባቡር» መባሉም ከዚህ ይገጥማል። እንግዲህ የቃሉ መሠረታዊ ፍች በእሳት ኃይል በራሱ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አገር በቅርብ ያየውንና የዘወትር ጉዳዩ የሆነውን ሞተር ጠራበት። ሶማሊኛ ቃሉን ለመኪና ሲሰጥ አማርኛ ለዚሁ የጣልያንኛውን «መኪና» ወሰደ፤ እርሱም በበኩሉ የልብስ ስፌቱንም ያዘ።

በወደቡ ይህን የሚመስል ሌላ ጥንድ አለ። ከህንድ የመጣው «ጋሪ» በአማርኛ ፈረስ የሚስበው ነው፤ በሶማሊኛ «ጋሪ» ወይም «ጋዲ» አውቶሞቢል ነው። አስተርጓሚው «ባቡር»ን ሸሽቶ ወደ «ጋሪ» ቢጠጋ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ይገባል።

ስለዚህ በሁለቱ ቋንቋዎች በሚጻፍ የጭነት ሰነድ በአማርኛው በኩል «ምድር ባቡር» ብሎ መሙላት፣ በሶማሊኛው በኩል «ታሪን» ማለት ያዋጣል። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን ይህ አይበቃም፦ ወፍጮውን «የገጠር» ብሎ ከግርጌ ማስቀመጥ የቃሉን ታሪክ ይገለብጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረውና ከናጋድ ጣቢያ የሚነሣው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ እንፋሎትም እሳትም የለውም፣ ስሙ ግን ያው ነው።