ሜዳ ዳር የሚቆመው ባለሙያ፦ በኢንተርኔት የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ ትምህርትና የታዳጊ ስፖርተኞች ጉዳት

በአሜሪካ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ግዛቶች የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጃቸውን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት ቡድን ሲያስመዘግቡ ከሚቀርቡላቸው ሰነዶች አንዱ ስለ አንጎል መናወጥ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። ወላጅ ጽሑፉ እንደደረሰውና እንዳነበበው በፊርማው ያረጋግጣል። ከዚያ በኋላ ልጁ በጨዋታ መካከል ጭንቅላቱን ተመትቶ የአንጎል መናወጥ ከተጠረጠረበት፣ ወደ ሜዳ ይመለስ አይመለስ የሚለውን አሰልጣኙም ሆነ አባትየው ሊወስኑ አይችሉም።

የዚህ ዓይነቱ ሕግ መነሻ የዋሽንግተን ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዛከሪ ሊስቴት የተባለ የ13 ዓመት ታዳጊ በአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ በዚያው ጨዋታ ተመልሶ ተሰልፎ ለከባድ የአንጎል ጉዳት ተዳረገ። በስሙ የተሰየመው ሕግ በ2009 ጸደቀ። ሕጉ የአንጎል መናወጥ የተጠረጠረበት ታዳጊ ወዲያውኑ ከሜዳ እንዲወጣና ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ በጽሑፍ ሳይፈቅድለት እንዳይመለስ ያዛል። እስከ 2014 ድረስ 50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል።

ሕግ መውጣቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር ቆሞ ምልክቱን የሚለይ ሰው ማግኘት ሌላ ነው። በአሜሪካ ይህን ኃላፊነት በአብዛኛው የሚሸከመው «አትሌቲክ ትሬይነር» የሚባለው ባለሙያ ነው። ስያሜው ወደ አማርኛ ሲመለስ ለስህተት የተጋለጠ ነው። «የአትሌቲክስ አሰልጣኝ» ቢባል አንባቢ ሩጫ የሚያሠለጥነውን ሰው ያስባል፤ ሥራው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ስታዲየሞች ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንግቦ የሚሮጠውና ተመልካቹ «ወጌሻ» እያለ የሚጠራው ሰው ለትርጉሙ ይበልጥ ይቀርባል። ባለሙያው ከሐኪም ጋር በመተባበር ጉዳትን የመከላከል፣ የመለየት፣ አስቸኳይ እርዳታ የመስጠትና ተጎጂውን ወደ ቀድሞ አቅሙ የመመለስ ሥራ ያከናውናል። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መስኩን እንደ አንድ የጤና ሙያ የተቀበለው በ1990 ነው።

ሙያው በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2023 በሲንሲናቲ ከተማ በተከሰተው አደጋ ነው። የቡፋሎ ቢልስ ተጫዋች ዳማር ሃምሊን ደረቱን ተመትቶ ልቡ ሲቆም፣ የቡድኑ ረዳት አትሌቲክ ትሬይነር ዴኒ ኬሊንግተን በሜዳው ላይ ደረቱን በመጫን የነፍስ አድን እርዳታ ሰጥተውታል። ተጫዋቹ ተርፎ በቀጣዩ የውድድር ዘመን ወደ ጨዋታ ተመልሷል።

ባለሙያ ለመሆን የሚጠይቀው ትምህርትም ከፍ ብሏል። ቀደም ሲል የመጀመሪያ ዲግሪ በቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የሙያው መሪ ተቋማት መግቢያው ማስተርስ ዲግሪ እንዲሆን ወሰኑ። ከ2022 የበልግ መንፈቀ ዓመት በኋላም በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ አዲስ ተማሪ መቀበል ቀርቷል። ትምህርቱን ያጠናቀቀ ሰው ብሔራዊ ፈተና ያልፋል፤ ካለፈም በኋላ በየሁለት ዓመቱ 50 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት መውሰድ ይጠበቅበታል።

የኢንተርኔት ትምህርት ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በዚህ መስክ በኢንተርኔት የሚሰጡት የድኅረ ምረቃ ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ልዩነታቸውን አለማጤን ተማሪውንም ቀጣሪውንም ለኪሣራ ይዳርጋል። አንደኛው ዓይነት ፈቃድ አግኝተው በሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። በአሪዞና የሚገኘው ኤ.ቲ. ስቲል ዩኒቨርሲቲ በዚህ መልክ የዶክትሬት ትምህርት ይሰጣል። ተማሪው ቀን በትምህርት ቤቱ ሜዳ እየሠራ ማታ የምርምር ጽሑፎችን ይመረምራል፣ የጉዳት መዝገብ አያያዝን ይማራል፣ የሥራ ቦታውን ችግር የጥናቱ ርዕስ ያደርጋል። እጁ ቀድሞ የሠለጠነ በመሆኑ ትምህርቱ በኢንተርኔት ቢሰጥ የሚጎድልበት ነገር ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ለጀማሪ የሚሰጠው ነው። በዚህኛው ንድፈ ሐሳቡን በኢንተርኔት ማስተማር ቢቻልም የተግባር ልምምዱን ግን በኮምፒዩተር መተካት አይቻልም። የአሜሪካ የዕውቅና መመዘኛ ተማሪው ከታካሚዎች ጋር በአካል እንዲሠራና ቢያንስ ለአራት ሳምንታት ሙሉ ጊዜውን በሥራ ላይ እንዲያሳልፍ ያስገድዳል። ያበጠ ቁርጭምጭሚት በጣት ሲዳሰስ ጅማቱ ይሁን አጥንቱ የተጎዳው ለይቶ ማወቅ በቪዲዮ አይለመድም።

ልየታው በልጆች ላይ ይበልጥ ይከብዳል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ አጥንት የሚያድግበት ለስላሳ የልምአጥንት ክፍል አለ። ይህ ክፍል በአካባቢው ካሉት ጅማቶች ይልቅ ደካማ ነው። በመሆኑም አዋቂን ወለምታ ብቻ የሚያደርስበት አደጋ ልጁን በእድገት ክፍሉ ላይ ሊሰብረው ይችላል። ስብራቱ በጊዜው ካልታወቀ እግር ወይም እጅ ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል። ሳልተርና ሃሪስ የተባሉ ሐኪሞች በ1963 ያወጡትና ጉዳቱን በአምስት ደረጃ የሚከፍለው አመዳደብ እስካሁን ይሠራበታል። በፍጥነት በሚያድጉ ታዳጊዎች ላይ ከጉልበት በታች የሚታየው እብጠትና ሕመም ደግሞ በ1903 ለየብቻቸው በገለጹት በኦስጉድና በሽላተር ስም ይጠራል። አብዛኛውን ጊዜ እድገቱ ሲያበቃ ይለቃል፤ ሆኖም «ተለማመድበት ይለቅሃል» የሚል አሰልጣኝ ሕመሙን ያራዝመዋል።

ከምትና ከመውደቅ ባሻገር ከመጠን ያለፈ ልምምድ በራሱ ጉዳት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአትሌቲክ ትሬይነሮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ምክር፣ ታዳጊ በሳምንት የሚሠራው የተደራጀ ስፖርት በሰዓት ሲቆጠር ከዕድሜው መብለጥ የለበትም፤ የ12 ዓመት ልጅ ከ12 ሰዓት በላይ አይሠራም ማለት ነው። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን እረፍት እንዲኖረውና በአንድ ዓይነት ስፖርት ከዓመቱ ከስምንት ወር በላይ እንዳይወዳደርም ማኅበሩ ይመክራል።

በሙቀት ሳቢያ የሚደርሰው አደጋ ደግሞ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። በልምምድ ላይ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ወጥቶ የተዘባረቀ ወይም ራሱን የሳተ ታዳጊ ወደ ሆስፒታል ከመወሰዱ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ገንዳ ውስጥ ሊገባ ይገባል። ቅድሚያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ የሚለው ደንብ እንደ ድሬዳዋና ጋምቤላ ባሉ ሞቃታማ ከተሞች ለሚዘጋጁ ውድድሮችም የሚሠራ ነው። የሚጠይቀውም በርሜል፣ ውኃና በረዶ ነው።

ሀብታም በምትባለው አሜሪካ እንኳ ይህ ባለሙያ በሁሉም ትምህርት ቤት የለም። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ አገልግሎቱን የሚያገኙት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ ከሌላቸው መካከል ብዙዎቹ በገጠርና በድሃ አካባቢዎች ይገኛሉ። የኢንተርኔቱ ትምህርት ደጋፊዎች የሚያነሱት ክርክርም ይኸው ነው። በገጠር የሚሠራው ባለሙያ ለትምህርት ብሎ ቦታውን ከለቀቀ ትምህርት ቤቱ ያለ ሰው ይቀራል።

በኢትዮጵያ የስፖርት ሳይንስ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ፊዚዮቴራፒም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። በአሰላ የጥሩነሽ ዲባባ ማሠልጠኛ ማዕከልን የመሰሉ ተቋማት ታዳጊ ሯጮችን ተቀብለው ያሠለጥናሉ። በሌላ በኩል በትምህርት ቤት ሜዳ የተሰበረ ልጅ ወደ ባሕላዊ ወጌሻ መወሰዱ የተለመደ ነው። አጥብቆ የታሰረ ክንድ ወይም እግር ደም እያጣ ሞቶ እስከ መቆረጥ የሚደርስበት አጋጣሚ በአገሪቱ ሐኪሞች ጥናቶች ተመዝግቧል።

ከውጭ በኢንተርኔት የተገኘ የዚህ መስክ ዲግሪ ለቅጥር ወይም ለደረጃ እድገት ሲቀርብ፣ የአቻ ግምት ጉዳይ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል ይታያል። ቀጣሪው መሥሪያ ቤትም በበኩሉ ፕሮግራሙ ለጀማሪ ነው ወይስ ለነባር ባለሙያ፣ የተግባር ልምምዱስ በየትኛው ተቋም፣ በማን ክትትልና ለስንት ሰዓት ተከናወነ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ከዲግሪው ወረቀት ላይ አይገኝም፤ አመልካቹ የልምምድ መዝገቡንና የተቆጣጣሪውን ማረጋገጫ አያይዞ እንዲያቀርብ በማስታወቂያው ላይ አስቀድሞ መግለጽ ይቻላል።