መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ፦ ስክሪፕት የሚያየውና የማያየው



በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ክፍሎች የፈተና አዳራሽ ሆነዋል። ተማሪዎቼም ለመመረቂያ ሥራቸው አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሣሉ፦ ተፈታኙ ከፈተናው መስኮት ሌላ መስኮት ቢከፍት ወይም የፈተናውን ቢዘጋ፣ ይህን በስክሪፕት ማወቅ ይቻላል ወይ? ይቻላል። የታወቀው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው መንገድ ደጋግሞ መጠየቅ ነው። ስክሪፕቱ በየሰከንዱ የተከፈቱትን መስኮቶች ዝርዝር ከዊንዶውስ ይቀበልና ካለፈው ዝርዝር ጋር ያስተያያል። አዲስ የተገኘው ተከፍቷል፤ የጠፋው ተዘግቷል። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ብዛትን ብቻ ሲያነጻጽሩ አያለሁ። የእኛ አገር እረኛ ግን ማታ ከብቱን ሲያስገባ በቁጥር ብቻ አይረካም፤ የራሱ ወይፈን ቀርቶ የጎረቤት ጊደር ተቀላቅላ ቢሆን ቁጥሩ ሙሉ ነውና በመልካቸው ይለያቸዋል። ለመስኮት መልኩ ዊንዶውስ የሚሰጠው መለያ ቁጥር ነው። አርዕስቱ ስለሚለዋወጥ አይታመንም። መለያ ቁጥሩም ቢሆን መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ለሌላ ሊሰጥ ስለሚችል፣ የፕሮግራሙን ስም አብሮ መመዝገብ ይበጃል።

የዚህ መንገድ ጉድለት በሁለት ጥያቄዎች መካከል ያለው ክፍተት ነው። በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ተከፍቶ የተዘጋ መስኮት ሳይታይ ያልፋል። ክፍተቱን እጅግ ብናጠብበው ደግሞ ያረጁት ኮምፒውተሮቻችን መስኮት ሲቆጥሩ ይውላሉ።

ሁለተኛው መንገድ መጠየቅን ትቶ ማድመጥ ነው። ዊንዶውስ «ሬጂስተር ሼል ሁክ ዊንዶው» የሚባል ተግባር አለው። ለምሳሌ በአውቶሆትኪ የተጻፈ ስክሪፕት የራሱን መስኮት በዚህ ተግባር ያስመዘግባል። ከዚያ በኋላ የአንድ ፕሮግራም ዋና መስኮት ሲከፈት ቁጥር 1፣ ሲዘጋ ቁጥር 2 ከመለያው ጋር ይደርሰዋል፤ እስከዚያው ያርፋል። ሆኖም የመክፈቻው መልእክት ሲደርስ አርዕስቱ ገና ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት መታገሥ ያስፈልጋል። የመዝጊያው ሲደርስ ደግሞ መስኮቱ ስለሌለ አርዕስቱን አስቀድሞ ያልያዘ ስክሪፕት ምን እንደተዘጋ አያውቅም። ስክሪፕቱ ከመነሣቱ በፊት የተከፈቱትንም የሚነግረው የለም፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ዝርዝሩን መጠየቅ ግድ ነው።

በሊኑክስ፣ በኤክስ 11 ሥር ተመሳሳይ ዝርዝር ማንበብ ይቻላል። አዲሱ ዌይላንድ ግን አንድ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት እንዳያይ ሆኖ የተነደፈ ነው። ተማሪዎቼ በዚህ ያማርራሉ፤ እኔ ግን ንድፉን እደግፋለሁ።

አሁን ወደ አቆየሁት ጉዳይ ልመለስ። በአንድ የመለማመጃ ፈተና ላይ እኔው የጻፍሁት ስክሪፕት የአንድን ተማሪ ኮምፒውተር ለይቶ «ኩረጃ» ብሎ መዘገበ። ልጁን ከወንበሩ አስነሥቼ ጠየቅሁት፤ ምንም አልከፈትሁም አለ፤ አላመንሁትም። ኋላ መዝገቡን ስመረምር፣ በዚያች ደቂቃ መብራት ጠፍቶ ኖሯል፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘው የዩፒኤስ ፕሮግራም በራሱ የማስጠንቀቂያ መስኮት ከፍቷል። የልጁ እጅ የለበትም። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የባከነበት ጊዜ ግን አልተመለሰለትም።

ከዚህ የከፋው ተቃራኒው ነው። በተከፈተ የኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ አዲስ ታብ የከፈተ ተማሪ አዲስ መስኮት አልከፈተም፤ ስክሪፕቴ ስለ እሱ ዝም ይላል። ንጹሑን ከስሶ የኮረጀውን ማለፍ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ስክሪፕቱን አሻሻልሁት። ከሰዓቱና ከፕሮግራሙ ስም ጋር፣ የቁልፍ ሰሌዳው ወይም ማውሱ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበትን ጊዜም ይመዘግባል። ዊንዶውስ ይህን ሲጠየቅ ይነግራል። መስኮቱ ሲከፈት ለሁለት ደቂቃ ያህል ማንም ምንም ካልነካ፣ ከፋቹ ምናልባት ሰው አይደለም። ይህም ቢሆን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። በመመረቂያ ሥራ ረቂቅ ላይ «ኩረጃ» የሚል ዓምድ ሳገኝም በቀይ እሰርዝና «መስኮት ተከፈተ» ብዬ እጽፍበታለሁ።